የድመት ጆሮ ቅንቅንና የጆሮ ኢንፌክሽን፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ዘንድ ድመት የምትያዘው በአብዛኛው ለአይጥ ነው። ቀን ግቢ ውስጥ ትውላለች፣ ጣሪያ ለጣሪያ ትዞራለች፣ ማታ ከምድጃው ዳር ትተኛለች። ጆሮዋን ማከክ ስትጀምር «ቁንጫ ነው፣ ይተዋታል» ይባላል። አልተዋት ሲል ደግሞ ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ይንጠባጠባል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። የጆሮ ቅንቅን ከታከመ በቀላሉ የሚድን ነገር ነው። ሳይታይ ጆሮ ውስጥ የሚፈሰው ግን ብዙ ጊዜ ከበሽታው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ድመቴ ጆሮዋን ታክካለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ቅንቅን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የስልክዎን መብራት አብርተው ጆሮዋን ገልበጥ አድርገው ይዩ። የጤነኛ ድመት ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ኩክም ብዙም አይታይበትም። ቅንቅን ሲኖር ጥቁር ቡናማ፣ ደረቅ፣ የቡና አተላ የመሰለ ፍርፋሪ ይሞላዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጆሮዎች ይያዛሉ። ከጆሮዋ ጀርባና አንገቷ ላይ በጥፍሯ ያቆሰለችው፣ ፀጉሩ የተመለጠ ቦታም ሊኖር ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚሞከር አንድ ነገር አለ። ከጆሮዋ ደጃፍ ላይ ትንሽ ፍርፋሪ በጥጥ አንስተው ጥቁር ፌስታል ላይ ይበትኑት። ብርሃን አብርተው ዝም ብለው ይመልከቱ። ነጫጭ ነጥቦች ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ ካዩ ቅንቅን ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ጥሩ ዓይን ይጠይቃል፣ ማጉያ መነፅር ካለ ይቀላል። ምንም ካላዩ ግን የለም ማለት አይደለም። እርግጡን የሚናገረው ሐኪሙ ፍርፋሪውን በዘይት ጠብታ አላልቶ ማይክሮስኮፕ ስር ሲያየው ነው።

ይሄ ቅንቅን ከየት መጣባት?

ከሌላ ድመት ወይም ከውሻ። በሳይንስ ስሙ ኦቶዴክተስ ሳይኖቲስ ይባላል። ቆዳ ሰርስሮ አይገባም። የጆሮው ቆዳ ላይ እየሄደ ኩክና የረገፈ ቆዳ ይበላል። ማሳከኩ የሚመጣው ቆዳው ስለሚቆጣ ነው። አንዳንድ ድመት በጥቂት ቅንቅን እያበደች ታክካለች፣ ሌላዋ ጆሮዋ ሞልቶ ዝም ትላለች።

እንቁላሉ በ4 ቀን አካባቢ ይፈለፈላል። ከእንቁላል ተነስቶ ሙሉ ቅንቅን እስኪሆን ሦስት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። ይህችን ሦስት ሳምንት ይያዙልኝ። በ5 ቀን ጠብታ «ዳነች» ተብሎ የሚቆመው ህክምና ከሽፎ የሚመለሰው በእሷ ምክንያት ነው።

ድመትዎ ቆሻሻ ስለሆነች ወይም ቤትዎ ስላልፀዳ አይደለም። አብራ የተኛች፣ ጎረቤት ድመት ጋር የተፋተገች ማንኛዋም ድመት ይይዛታል።

ቅንቅንና ኢንፌክሽን ይለያያሉ?

ይለያያሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ቅንቅኑ ጆሮውን ያቆስላል፣ የቆሰለው ላይ ባክቴሪያ ወይም እርሾ መሰል ፈንገስ ይራባል። ያኔ ፍርፋሪው ቀርቶ እርጥብ ነገር ይመጣል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የቀላና ያበጠ ጆሮ። ድመቷ ጆሮዋን ሲነኳት ትጮሃለች ወይም ትቧጭራለች።

ቅንቅን ሳይኖርም ኢንፌክሽን ሊነሳ ይችላል። አለርጂ፣ ጆሮ ውስጥ የገባ የሣር ፍሬ፣ በወጣት ድመቶች ደግሞ ከመሀል ጆሮ ወይም ከጉሮሮ አካባቢ የሚበቅል ፖሊፕ የሚባል ሥጋ ምክንያት ይሆናሉ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚታይ ችግር ሲሆን ከቅንቅን ይልቅ እነዚህን እጠረጥራለሁ። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የቅንቅን መድኃኒት መግል አያደርቅም፣ አንቲባዮቲክም ቅንቅን አይገድልም። ስለዚህ በመልክ ብቻ ገምቶ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለጊዜው ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ነጭ ጋዝ ባደርግላትስ?

እባክዎ አያድርጉ። በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድመቱን ስለሚወድ ነው የሚያደርገው።

ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር ጆሮ ውስጥ አይቀርም። ድመት ራሷን ነቅንቃ ፊቷና ፀጉሯ ላይ ትረጨዋለች፣ ከዚያ በመዳፏ እየጠረገች ትልሰዋለች። ስለዚህ ጆሮዋ ውስጥ ያደረጉት ሁሉ ሆዷ ይገባል ብለው ያስቡ። የድመት ጉበት ደግሞ የሰውና የውሻ ጉበት የሚያስወግዳቸውን ብዙ ነገሮች ማስወገድ አይችልም።

ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስትልሰው ወደ ሳንባዋ ከገባ ይገድላታል። ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ በጆሮ ቢደረግም በምላሷ ይደርሳታል። ሎሚ በቆሰለ ጆሮ ላይ ያቃጥላል፣ የልጣጩ ዘይትም ለድመት መርዝ ነው። አረቄና የህክምና አልኮልም እንደዚሁ ያቃጥላሉ። ከዚያ በኋላ ድመቷ ጆሮዋን ማስነካት እምቢ ትላለች፣ እውነተኛው ህክምና ሲመጣም መያዝ አይቻልም። ቲ ትሪ የተባለው የዘይት ዓይነት «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ይሸጣል፣ ለድመት ግን መርዝ ነው።

ቅቤው አይገድላትም። ግን ጆሮውን ይደፍነዋል፣ ሐኪሙ ሲያይም ታምቡሩን ይጋርድበታል። ጥቂት የፓራፊን ወይም የወይራ ዘይት የደረቀውን ፍርፋሪ ሊያለሰልስ ይችላል፣ አንዳንድ ቅንቅንም ያፍናል። ይሁንና ብቻውን አያድንም። ቅንቅኑ አንገቷ፣ ጀርባዋና ጅራቷ ጫፍ ላይም ሊገኝ ስለሚችል ጆሮው ቢፀዳ ከዚያ ይመለሳል። ተጠቅልላ ስትተኛ ጅራቷ ጆሮዋ አጠገብ እንደሚያርፍ አይተው ይሆናል።

ለህመሟ ብለው ፓራሲታሞል በጭራሽ አይስጡ። አንድ የ500 ሚሊ ግራም ኪኒን ድመት ለመግደል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ክልክል ናቸው።

ለልጄ የታዘዘ የጆሮ ጠብታ ተርፎኛል። ለድመቷ ቢሆን ምን አለበት?

አለበት። የድመት ጆሮ ቀዳዳ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መጨረሻው ላይ ያለውን ታምቡር ከውጭ በዓይን ማየት አይቻልም። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ጠብታዎች ወደ ውስጠኛው ጆሮ ገብተው ሊያደነቁሯት ወይም ሚዛኗን ሊያሳጧት ይችላሉ። ታምቡሩን የሚያየው ኦቶስኮፕ የተባለውን የጆሮ ማያ መሣሪያ የያዘ ሐኪም ነው። ሌላው ደግሞ፣ የሰው ጠብታ ቅንቅን አይገድልም።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት «የከብት አይቨርሜክቲን ለድመትም ይሆናል» አሉኝ። እውነት ነው?

አይቨርሜክቲን ቅንቅን መግደሉ እውነት ነው። ሐኪሞችም በተመጠነ ልክ ለድመት የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ለከብትና ለበግ የሚሸጠው 1 ፐርሰንት መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ያ አንድ ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ እንስሳ የታሰበ ነው። የእርስዎ ድመት 3 ኪሎ ብትሆን ነው፣ ግልገሏ ደግሞ አንድ ኪሎም አትሞላ። በተራ ሲሪንጅ «ትንሽ ጠብ» ያደረገ ሰው የበዛ እጥፍ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሲበዛባት የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ትንገዳገዳለች፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ላያይ ይችላል፣ ከዚያ ራሷን ትስታለች። ማርከሻ ተብሎ የሚሰጥ የራሱ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ በእርስዎም ሆነ በሻጩ ግምት አይሰጥ። ሐኪም መዝኗት ከወሰነ ብቻ።

ስለ ሚዛን ካነሳን፦ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይመዘኑ፣ ቀጥሎ ድመቷን አቅፈው ይመዘኑ፣ ልዩነቱ የእሷ ኪሎ ነው። ግልገል ግን በዚህ መንገድ በትክክል አትመዘንም። ለእሷ የወጥ ቤት ወይም የሱቅ ሚዛን ይሻላል።

የውሻ የቁንጫ መድኃኒት፣ የመዥገር መርጫስ?

ፐርሜትሪን የተባለው የተባይ መርዝ ያለበት ማንኛውም ነገር ድመትን ይገድላል። ለውሻ ደህና የሆነው ለእሷ መርዝ ነው። ለከብት መዥገር የሚረጩት አሚትራዝና ዳያዚኖንም፣ ለበረሮ የሚነፋው ፍሊትም ድመት ላይ አይደረጉም። ተሳስቶ የተቀባባት ካለ በለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡላት፣ በፎጣ ጠቅልለው ያሙቋት፣ ዕቃውን ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ። መንቀጥቀጥ እስኪጀምራት አይጠብቁ።

ታዲያ ትክክለኛው መድኃኒት የቱ ነው?

ለድመት ተብለው የተሠሩ፣ ከጭንቅላቷ ኋላ አንገቷ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠቡ መድኃኒቶች አሉ። ሴላሜክቲን ከሁሉም የታወቀው ነው። ሞክሲዴክቲን ከኢሚዳክሎፕሪድ ጋር ተቀላቅሎም ይመጣል። በቆዳ ገብተው መላ ሰውነቷ ላይ ስለሚሠሩ ጅራቷ ላይ ያለውንም ቅንቅን ያገኙታል። ቆሻሻ የሞላው ጆሮ አብሮ መፅዳት አለበት። አንድ ጊዜ ይበቃ እንደሆነ ወይም ከወር በኋላ ይደገም እንደሆነ ሐኪሙ ይነግርዎታል።

እነዚህ መድኃኒቶች ሁልጊዜ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኙም። እንስሳት መድኃኒት ቤቶቻችን በይበልጥ የሚይዙት ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ነው። ካጡ «ተመሳሳዩን ስጡኝ» ብለው አይውሰዱ። መጀመሪያ ሐኪሙ ያለውን አማራጭ ይምረጥልዎ። ለጥቂት ቀን ቢዘገይ ከተሳሳተ መድኃኒት ይሻላል።

ኢንፌክሽን ከሆነ ሐኪሙ ጆሮውን አፅድቶ፣ ናሙና አይቶ፣ ለባክቴሪያው ወይም ለፈንገሱ የሚሆን ጠብታ ያዛል። መሀል ጆሮ ከገባ ለሳምንታት የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል።

ጎንደር ላይ የት ልውሰዳት? እንዴትስ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ያስተምራል፣ እዚያ ያለውን ክሊኒክ ጠይቀው መጀመር ጥሩ ነው። የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮችና የግል ሐኪሞችም አሉ። ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ድመት ያያሉ ወይ? ኦቶስኮፕና ማይክሮስኮፕ አላቸው ወይ? ገንዘብ ካጠረዎት ያለዎትን ለምርመራው ያውሉት። ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሚገዛው መድኃኒት አንድ ነው። ካልታወቀ ሦስት ዓይነት ይገዛሉ።

ማዳበሪያ ውስጥ ከተው አፉን አስረው አይውሰዷት። አየር ያጥራታል፣ ሙቀት ይይዛታል። በደንብ የተበሳሳ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፈው ያስገቧት፣ በገመድ ጠንከር አድርገው ይሰሩት። የባጃጅ ድምፅ ያስደነግጣታል። እቅፍዎ ላይ ይዘዋት ከተሳፈሩ ፒያሳ ላይ ዘላ መጥፋቷ ነው። ከላይ በነጠላ ሸፈን ሲያደርጉላት ትረጋጋለች።

የሄዱ ዕለት ጠዋት ጆሮዋን አያፅዱ። ሐኪሙ ማየት ያለበት ያንኑ ቆሻሻ ነው።

ሐኪሙ ጠብታ ሰጠኝ። እንዴት ላድርግላት?

ሁለት ሰው ይሁኑ። አንዱ በፎጣ ወይም ባረጀ ጋቢ እስከ አንገቷ ጠቅልሎ ይያዛት፣ አራቱም እግሯ ውስጥ ይሁን። ጠርሙሱን አስቀድመው መዳፍዎ ውስጥ ይዘው ያሙቁት። ቀዝቃዛ ጠብታ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያዞራታል።

የጆሮዋን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፣ የታዘዘውን ጠብታ ያስገቡ፣ የጠርሙሱ አፍ ቆዳዋን አይንካ። ከዚያ ከጆሮዋ ስር፣ መንጋጋዋ አጥንት አጠገብ፣ በጣትዎ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያሹላት። የእርጥብ ነገር ጭብጥ ጭብጥ የሚል ድምፅ ከሰሙ ታች ደርሷል። ይልቀቋትና ራሷን ትነቅንቅ፣ ቆሻሻው ራሱ ይወጣል። የወጣውን ብቻ ጣትዎ ላይ በጠቀለሉት ጥጥ ወይም ጎዝ ይጥረጉ። ጣትዎ ከሚደርስበት በላይ አይግቡ።

ጫፉ ጥጥ የሆነውን የጆሮ ማፅጃ እንጨት አይጠቀሙ። ቆሻሻውን ወደ ታች ይጠቀጥቀዋል፣ ድንገት ከተንቀሳቀሰች ታምቡሯን ይወጋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም የቆሰለ ጆሮን ያናድዳል። መጨረሻ ላይ የምትወደውን ነገር ይስጧት፣ ለነገው ያግዝዎታል።

ግልገሎቹስ?

ግልገሎች በብዛት ከእናታቸው ይይዛቸዋል፣ ገና ጡት እየጠቡ ጆሯቸው ሊሞላ ይችላል። አንገት ላይ የሚንጠባጠቡት መድኃኒቶች እንደየዓይነታቸው ከ6 እስከ 9 ሳምንት ላልሞላቸው አይፈቀዱም፣ የክብደት ገደብም አላቸው። ከዚያ በታች ያሉትን ሐኪም ሳያይ ምንም አያድርጉባቸው። ለሚያጠባ እናት የሚሰጠውንም እንዲመርጥ ሐኪሙን «እያጠባች ነው» ብለው ይንገሩት፣ ካልነገሩት ላያውቅ ይችላል።

የታመመችው አንዷ ናት። ሌሎቹንም ማከም አለብኝ?

አዎ፣ ባያክኩም። በግቢው ያሉ ድመቶችና ውሻው በአንድ ጊዜ ካልታከሙ ቅንቅኑ እየዞረ ይመለሳል። ለውሻው የውሻ፣ ለድመቷ የድመት መድኃኒት። ሁለቱን አያለዋውጡ።

ቅንቅኑ ከእንስሳ ውጭም ለተወሰኑ ቀናት ሊቆይ ስለሚችል የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ ይጠቡ። አጎዛ ላይ የምትተኛ ከሆነ ሙቅ ውሃ ቆዳውን ያበላሻል። በደንብ አራግፈው ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ህክምናው እስኪያልቅ ሌላ የሚታጠብ ነገር ያንጥፉላት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ሲጠፋ ጨርቁን ቢተኩሱት ይረዳል። ቤቱን በመርዝ መርጨት ግን አያስፈልግም።

አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትሄዳለች። ይሄም ከጆሮ ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ጊዜም አይሰጥም። ጭንቅላት ማዘንበል፣ በአንድ አቅጣጫ መዞር፣ መውደቅ፣ ዓይን ወዲያ ወዲህ መንቀጥቀጥ፣ የፊት አንድ ጎን መውረድ፣ የአንድ ዓይን ብሌን ከሌላው ማነስ፣ እነዚህ ኢንፌክሽኑ መሀል ወይም ውስጠኛው ጆሮ መድረሱን ይጠቁማሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ምንም ጠብታ አያስገቡ። ከዳነች በኋላ ትንሽ ማዘንበሉ ሊቀርባት ይችላል፣ አብዛኞቹ ድመቶች ግን ለምደውት ደህና ይኖራሉ።

የጆሮዋ ቅጠል እንደ ፊኛ አበጠ።

በማከክና በመነቅነቅ የደም ሥር ተበጥሶ ደም ቋጥሯል። በመርፌ ወይም በምላጭ አይብሱት። ሐኪሙ ያፈሰዋል፣ ተመልሶ እንዳይቋጥርም ያደርጋል። ዝም ከተባለ ጆሮዋ ተጨማዶ ይቀራል። ዋናው ግን ያሳከካት ነገር መታከሙ ነው።

ነጭ ድመት አለችኝ፣ የጆሮዋ ጫፍ አይድንም።

ይሄ ከቅንቅን ጋር ላይገናኝ ይችላል። ነጭ ጆሮ ያላቸው ድመቶች በፀሐይ ብዛት የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐያችንም ብርቱ ነው። ቅርፊት ይዞ፣ እየደማ፣ እየጠፋ እየመጣ የሚቆይ ጫፍ ካለ ቶሎ ያሳዩት። ገና ሳይስፋፋ ጫፉን ቆርጦ ማዳን ይቻላል።

ዳነች ብዬ ነበር፣ ተመለሰባት።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ህክምናው ሦስት ሳምንቱን ሸፍኗል ወይ ነው። ቀጥሎ ሌሎቹ እንስሳት ታክመዋል ወይ? የጎረቤት ድመት ግቢዎ ውስጥ የምታድር ከሆነ ጎረቤትዎን ያነጋግሩ። ሁለታችሁም በአንድ ሰሞን ብታሳክሙ ወጪውም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተመለሰ ምናልባት ከመጀመሪያውም ቅንቅን አልነበረም። አለርጂ ወይም ፖሊፕ መኖሩ ይታይ።

ወደ ሰው ይተላለፋል? ሳክማት ብትቧጭረኝ ወይም ብትነክሰኝስ?

የጆሮ ቅንቅን ሰው ላይ አይራባም። አልፎ አልፎ ድመቷን ያቀፈ ልጅ ክንዱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፣ እሷ ስትታከም ይጠፋል።

ንክሻና ጭረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፣ ድመትም ታስተላልፋለች። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ድመቷ መከተቧን፣ ባህሪዋ ተለውጦ እንደነበር፣ ግቢ ውስጥ የምትውል ወይም የምትዞር መሆኗን ይናገሩ። ድመቷን አይግደሏት፣ አያባሯትም። ታስራ 10 ቀን መታየቷ ለእርስዎ ህክምና ይጠቅማል። ለጆሮዋ ክሊኒክ የወሰዷት ዕለት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካላቸው ጠይቀው ያስከትቧት።